እግርሽ ምን ይላል?

በእኛ ሰፈር ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጠያቂ ይበዛበታል። ጎረቤቴ ቤት ብርቱካንና ለስላሳ ይዘን ገባን። «እግርሽን ከልብሽ ከፍ አድርገሽ አስተኚው» ተብላ የተሰጣት ትራስ፣ ቡና እስኪፈላ የእኛን ወገብ ደግፎ ዋለ።

ከዚያ ራጁ ወጣ። ራጅ ማንበብ የማይችል ጠያቂ መቼም የለም። ወደ መስኮቱ አዙረን ብሎን ቆጠርን፤ እኔ ስድስት ስል አንዷ ሰባት ነው ብላ ሞገተችኝ። የብሎኑ ባለቤት ደንግጣ እግሯን ታያለች። «ወጌሻ ጋ ብትሄጂ ይሄ ሁሉ ብረት ምን ያደርግልሽ ነበር!» ያለም አልጠፋም፤ ተሰፍታ ካለቀች በኋላ።

ጉዱ የመጣው ጀሶው ሲፈታ ነው። አጥንቱ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይገጥም ይሆናል፤ እግሩ ግን ወደ ራሱ እስኪመለስ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ማታ ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ይገትራል፣ ደረጃ መውረድ ከመውጣት ይብሳል። እኛ ክራንቹን የጣለች ዕለት «እሰይ፣ ዳነች» ብለን ጨርሰናል። በስድስተኛው ወር ስታነክስ ስናያት «አሁንም?» አልናት፣ ቀጠሮ ያፈረሰችብን ይመስል። ብረቱ ካላስቸገረ እዚያው ይቆያል ቢላትም ሐኪሙ፣ ሰፈሩ «ብሎኑ ካልወጣ ምኑን ዳነች!» ብሎ ወስኗል።

ፊዚዮቴራፒስቱ ደግሞ እግርሽን አንሥተሽ በአውራ ጣትሽ አየር ላይ ፊደል ጻፊ አላት። ፈረንጅ 26 ጽፎ ያርፋል። የእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው! «ለ» ላይ ስትደርስ ስልክ ይጠራል፣ «ሐ» ላይ ወጡ ያራል። ሐኪሟ ሲጠይቃት ግን «በየቀኑ ነው የምሠራው» ነው መልሷ። አልፈርድባትም፤ እኔም ለወገቤ የታዘዘልኝን ስፖርት የምሠራው በቀጠሮዬ ዋዜማ ነው።

አሁን ዓመት አልፏታል። ደህና ትራመዳለች፤ ብርድ ሲመጣ ብቻ ይጠዘጥዛታል። እሱም ለሰፈሩ በጀ። «በርበሬ ላሰጣ ነበር፣ እግርሽ ምን ይላል?» ብሎ በሯን የማያንኳኳ የለም። እሷም ቁርጭምጭሚቷን አሸት አሸት አድርጋ፣ ሰማዩን ቀና ብላ ሳታይ፣ «ከሰዓት አይታመንም» ትላለች።

ባለፈው ሳትናገር ዘነበ። በርበሬያችንን እያፈስን ስንሮጥ በረንዳዋ ላይ ቆማ አየናት።

«ምነው፣ ዳንሽ እንዴ?» አልናት፣ በቅያሜ።