ሙያህን ጎብዬ ትተህ ና

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው ጎብዬ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚያስፈልጋት ለማወቅ አማካሪ ድርጅት መቅጠር አያሻም። ሜዳው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ዝናቡ በወቅቱ ከጣለ ያጠግባል፣ ከከዳ ደግሞ የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ያየ አገር ምን እንደሚከተል ያውቀዋል። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ተጠልፎ ማሳ ሲገባ ሲሳይ ነው፤ መንገዱን ሲስት አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ከሥር ደግሞ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ጉድጓድ እያስቆፈረ ያወጣው የከርሰ ምድር ውሃ አለ። ስለዚህ የሚፈለገው ጎርፍ መጥለፍ የሚያውቅ፣ የቆመ ፓምፕ የሚያስነሳ፣ ተባይ ሳይዛመት የሚያይ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝስ ምን ይደረግ? አገራችን ለዚህ የቆየ መላ አላት፤ ፈጥና ትሾመዋለች።

አካሄዱ ሊደነቅ ይገባዋል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ገበሬው ቃሉን ማመን እስኪጀምር ድረስ ጥቂት ዓመታት ይፈጅበታል። ልክ ማመን ሲጀምር ወረዳው ዐይን ውስጥ ይገባል፤ «ቁርጠኛ ነው» ይባላል። ቁርጠኛ ሰው ደግሞ ማሳ ውስጥ አይተውም፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይሆናል። የግድ የግብርና ኃላፊ ግን አይደለም። ሰብል የሚያውቅ ሰው ሰብልን ቢመራ የጥቅም ግጭት ሳይፈጠር አይቀርምና ለጥንቃቄ ሲባል ወጣቶችና ስፖርት ቢመደብ ይሻላል። እዚያ ሲላመድ በሽግሽግ ይነሳል። በግምገማም የሚጠየቀው ስለ ማሽላው ሳይሆን ስለ አመለካከቱ ነው፤ የክህሎት ጉድለት በሥልጠና ይሞላል፣ የአመለካከት ጉድለት ግን ወንበር ያሳጣል። ሰውየውም ሞኝ አይደለም፤ ትምህርቱን ይይዛል። በፊት «ዘንድሮ ማሽላው ሳያፈራ ደርቋል» ይል የነበረው አሁን «ውስንነቶች ቢኖሩም አበረታች ውጤት ተመዝግቧል» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይደናቀፍ የሚላት ሰው ዞን ይበቃዋል የሚል ካለ ተሳስቷል። ባሕር ዳር ይጠብቀዋል፣ ከዚያም ወዲያ አዲስ አበባ።

ነገሩ የወረዳ ሐሜት ብቻ እንዳይመስል ወደ ላይ እንይ። ኃይለማርያም ደሳለኝ የውሃ መሐንዲስ ናቸው፤ ፊንላንድ ሄደው የተማሩ፣ በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን በዲንነት የመሩ። በዝናብ እጥረት ለሚሰቃይ አገር ከዚህ የተሻለ ዕውቀት ከየት ይመጣል? እኛም አላባከንነውም፤ ክልል አስተዳደሩ፣ በ2003 ዓ.ም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፣ በ2005 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር። የውሃ ሚኒስቴር ብቻ ነው የቀራቸው። ወርቅነህ ገበየሁ ከፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነርነት ወደ ትራንስፖርት፣ ከትራንስፖርት ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ተሻግረዋል፤ ከወንጀል ምርመራ እስከ ዲፕሎማሲ ያለውን ርቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል መንገድ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን አያስቸግርም። አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት፣ ወይም ለሥራው ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎች መካከል እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ጠበቅ አድርጎ ላነበበው ብቃት የሚጠየቀው የምክር ቤት አባል ያልሆነው ምስኪን ብቻ ነው።

ልማዱን ኢሕአዴግ ወይም ብልጽግና ፈጠረው ማለትም ታሪክን መበደል ይሆናል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ከሾሙ ወዲህ ቤተ መንግሥቱ ሰውን ከቦታ ቦታ ማዘዋወርን እንደ አስተዳደር ጥበብ ይዞት ቆይቷል። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ለዓመታት በጽሕፈት ሚኒስትርነት አገሩን በብዕራቸው ካሽከረከሩ በኋላ በ1947 ዓ.ም አርሲን እንዲገዙ ተላኩ። ሹም ሽር ይባል ነበር። የድሮው ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ነበር፤ የዛሬው ተሿሚ ከዚያ ይልቅ ሲሾም ያልረሳ ነው የሚቆጨው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ አለ። ሚኒስትር የፖለቲካ መሪ እንጂ ቴክኒሻን አይደለም፤ በእንግሊዝም የጤና ሚኒስትሩ ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅም ይባላል። እውነት ነው። ባለሙያ መሆን ብቻውን እንደማያድንም አይተናል፦ ጥቅምት 2009 ዓ.ም ከ30 የካቢኔ አባላት 21ዱ አዲስ ሆነው፣ ምሁራን ናቸው ተብለው በጭብጨባ ተሾሙ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ራሳቸው መልቀቂያ አስገቡ። ነገር ግን እንግሊዞች ሚኒስትሩን አላዋቂ እንዲሆን የፈቀዱለት ከጎኑ የማይነቃነቅ አዋቂ አስቀምጠው ነው። በ1854 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የኖርዝኮትና የትሬቨልያን ሪፖርት የመንግሥት ሠራተኛው በፈተና እንዲቀጠርና በችሎታው እንዲያድግ ስላሳሰበ ዛሬ ሚኒስትር ሲወድቅ ቋሚ ጸሐፊው ወንበሩ ላይ ይቀራል። እኛ የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደን ሁለተኛውን ረሳነው። ሚኒስትሩ ተሿሚ፣ ሚኒስትር ዴኤታውም ተሿሚ፣ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ድረስ ኃላፊው ተሿሚ ሲሆን «ክቡር ሆይ፣ ይህ ቁጥር ልክ አይደለም» የሚለው ማን ነው?

ሌላው ተቃውሞ ስሜት ይነካል። የጎብዬ ገበሬ ልጅ ሚኒስትር ቢሆን ምን ከፋ? ምንም። ከፍ ብሎ የማሽላውን መድረቅ ቢናገር ደስታችን ነበር። ጣጣው መሰላሉ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሃያ ዓመት ጎርፍ ሲጠልፍ የኖረ ባለሙያ በሙያው የሚያድግበት ጣሪያ ቅርብ ነው፤ የተሻለ ደመወዝ፣ ቤትና መኪና ያሉት በሹመቱ በኩል ነው። ልጆቹን ማስተማር የሚፈልግ ሰው ሙያውን ትቶ መሰብሰብ ቢጀምር እንዴት ይፈረድበታል? በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ቆቦና አካባቢዋ ከአንዴም ሁለቴ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ የቀረውን ማሳና የቆመውን ጉድጓድ ለማስነሳት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ሰው ነበር፤ ለእሱ ግን መመለሱ ከደረጃ ዝቅ ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ባለሙያው ሳይሾም፣ እዚያው ጎብዬ ሆኖ፣ የወረዳ አስተዳዳሪውን የሚያህል ደመወዝ እንዲያገኝ የሚፈቅድ የደረጃ ምደባ ይበቃል። ለምን እንዳልተሞከረ ግን ይገባኛል። አዋቂው ሁሉ በየማሳው ከቀረ የአዳራሹን ወንበር ማን ይሞላዋል? «አበረታች» የሚለውንስ ማን ያጨበጭብለታል?