ስለ «ቱርቦ» ተለጣፊ አጭር ሐተታ

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ከሚመላለሱት ትናንሽ አውቶሞቢሎች መካከል ጥቂት የማይባሉት በኋላ መስታወታቸው ወይም በጎናቸው ላይ «ቱርቦ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው የሚሄዱ ሲሆን፣ ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ዲማ የሚያቀና መንገደኛም ከዚህ ትርኢት አያመልጥም። ተለጣፊው ማንንም አይገፋም፣ ነዳጅ አይበላም፣ ዋጋውም ከአንድ ምሳ አይበልጥም፤ ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መኪናዋ ቱርቦ የሌላት መሆኑ ነው። ይህችን የአንዲት ቃል ቅጥፈት ሰምቶ እንዳልሰማ፣ አይቶ እንዳላየ ማለፍ የሚችል ሰው የታደለ ነው፤ ማለፍ ያቃተው ግን ነገሩን ከሥሩ ከመመርመር በቀር ሌላ መድኃኒት ስለማያገኝ፣ የሚከተለው ሐተታ ለእርሱ ይጠቅም ይሆናል።

ቱርቦ ማለት ከሞተሩ ወደ ጭስ ማውጫ የሚሄደው ትኩስ ጋዝ በሚያሽከረክረው ተርባይን ኃይል ንጹሕ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። የመሣሪያው ጥቅም የሚገባው ሞተር ከቤንዚን ይልቅ አየር በላተኛ መሆኑን ለተረዳ ሰው ነው፤ 1 ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለማቃጠል 15 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋልና። አየር ደግሞ ወደ ደጋ በተወጣ ቁጥር ይሳሳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የአየሩ ጥግግት በአንድ አምስተኛ ገደማ የቀነሰ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጃፓን ወደብ 70 የፈረስ ጉልበት ይዛ መርከብ የተሳፈረች፣ ቪትዝ የምትባል ትንሽ አውቶሞቢል ዓባይን ተሻግራ ደጀን ስትገባ 15 ያህሉን ፈረሶች ሜዳ ላይ በትናቸዋለች ማለት ነው፤ ቀረጡ ግን ለሰባዎቹም ተከፍሏል። እንግዲህ በዓለም ላይ ቱርቦ ያለ ቅንጦት የሚያስፈልገው ሕዝብ ቢፈለግ የጎጃም ደገኛ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ በሆነ ነበር፤ ነገሩን የሚያስቆጨውም ይኸው ነው፤ ተለጣፊው የሚዋሸው በጣም ስለሚያስፈልግ ነገር ነው።

ታሪኩም ቢሆን ከተራራ ጋር የተቆራኘ ነው። አልፍሬድ ቡኪ የተባለው የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ለሐሳቡ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን፣ ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ደግሞ በ1918 ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና አስጭኖ ከ4,300 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት በመውጣት፣ በቆላ 350 የነበረው የፈረስ ጉልበት በስስ አየር ወደ 230 ሲወርድ፣ ቱርቦው ሲገጠምለት ደግሞ ወደነበረበት ሲመለስ ለክቶ አሳይቷል። ሞስ ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ከሚንከራተት በሞተሩ ጎን አንድ ጽሑፍ ለጥፎ ቢመለስ ኖሮ ድካሙ ምን ያህል እንደሚቀል የተገለጠለት አይመስልም፤ ይህ ጥበብ ለኋለኞቹ ትውልዶች የተጠበቀ ነበር።

ሐተታው ከተራራው ወርዶ ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ትንሽ መኪና ያለ ቱርቦ እንዴት ፈጣን ትሆናለች ወደሚለው ይመለስ ዘንድ፣ ቀላል የስፖርት መኪና ማለት ፍጥነቱን ከሞተሩ ግዝፈት ይልቅ ከክብደቱ ማነስ የሚያገኝ መኪና መሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ብቅ ያለው የእንግሊዙ ሎተስ ሰባትና በ1989 የወጣው፣ ከአንድ ቶን የማይበልጠው የማዝዳ ኤምኤክስ 5 የዚህ ወገን ናቸው፤ ደመወዙን ከሌላ ሥራ የሚያገኝ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን የራስ ቁር ደፍቶ የሚወዳደር ብዙ አማተር የሚመርጣቸውም ስለዚሁ ነው። ክብደት የቀነሰ መኪና በፍጥነት ይነሣል፣ ቶሎ ይቆማል፣ ኩርባን ያለ ጭንቅ ይዞራል፣ ጎማውንም አይጨርስም፤ ጉልበት የጨመረ መኪና ግን የሚጠቀመው በዋናነት ሲነሣና ሲፈጥን ነው። በኢትዮጵያ ዘንድ ቮልስ እየተባለች የምትጠራው ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረውን የምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር በ1954፣ በ1957ና በ1962 ያሸነፈችው በጉልበቷ ሳይሆን ክብደቷ ቀላል፣ ሞተሯም በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የሚፈላ ራዲያተር የሌላት በመሆኗ ጭምር ነው። በሀገራችን ግን ቮልስ የምትታወሰው በእነዚህ ድሎች ሳይሆን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት አሳፍራ በመውጣቷ ነው፤ ያን ዕለት ማንም ሰው ፍጥነቷን አልለካም።

ቪትዝም ብትሆን የምትናቅ አይደለችም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው፣ በ2021 ደግሞ ቦታውን ለያሪስ የለቀቀው የቪትዝ ውድድር ታርጋ ባላቸው፣ ባለቤቶቻቸው ከቤታቸው እየነዱ በሚያመጧቸው መኪናዎች የሚካሄድ የጀማሪዎች ውድድር ነበር። ለአማተር ውድድር መኪና የሚያዘጋጅ ሰው ሥራው በአብዛኛው መቀነስ ነው፤ የማይፈለገውን ዕቃ ሁሉ ያራግፋል፣ የደከመውን ሞላና አሞርዛተር በጠንካራ ይተካል፣ የጎማውን አቅጣጫ በሚሊሜትር ያስተካክላል፣ እያንዳንዱን ብሎን ጠብቆ መታሰሩን ይፈትሻል፤ በእጁ ከሚጨምረው ነገር ዋነኛው መኪናዋ ብትገለበጥ ጣሪያው ነጂውን እንዳይጨፈልቀው ከውስጥ የሚገጠመው የብረት ቱቦ አጥንት ነው። ይህ ሁሉ ድካም ከውጭ ለሚያይ ሰው አይታይም።

በእኛ ዘንድ ሥራው በተቃራኒው መጨመር ነው። በኋላ ክንፍ ወይም ስፖይለር ይጨመራል፤ ከኋላ መቀመጫ ጀርባ በርን የሚያክል ስፒከር ይጨመራል፤ በዳሽቦርዱ ላይ ጸጉራም ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ ደግሞ ጥልፍ የለበሰ የሶፍት ሣጥን ይቀመጣል። ስፖይለር የሚባለው ክንፍ መኪናዋን ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይል ፍጥነቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር አራት እጥፍ የሚሆን በመሆኑ፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ላይ የሚሰጠው ግፊት በ40 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 1/16ኛ ይወርዳል፤ በዲማ መንገድ ከ40 በላይ የሚነዳ ደግሞ በሬና አህያ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ለዚያውም ቪትዝ የምትጎተተው በፊት ጎማዎቿ ስለሆነ፣ የኋላዎቹን ጎማዎች ክንፉ የሚጫናቸው ሥራ ፈተው በመቀመጣቸው ሳይሆን አይቀርም። ማርሚታ የሚባለው የድምፅ ማፈኛ ደግሞ በመጨመር ፈንታ የሚወልቀው ብቸኛው ዕቃ ነው፤ እርሱም የሚወልቀው ክብደት ለመቀነስ ሳይሆን ሰፈሩ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ባለቤቱ ወደ ቤቱ መግባቱን እንዲያውቅለት ነው። ወደ ተለጣፊው እንመለስና፣ በዲማ ጊዮርጊስ ደብር ቅኔ አንድ ጊዜ ከተዘረፈ በኋላ በማግሥቱ ቢደገም ተማሪው ይታማበታል፤ አንዱን ቃል በሺህ መኪና ላይ የሚደጋግመው ማተሚያ ቤት ግን ነቃፊ አላገኘም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሳቅ ነው። ሳቁ የሚያበቃው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከደጀን አፋፍ ተነሥቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ እስከተመረቀው፣ 303 ሜትር እስከሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ድረስ የሚወርድ መኪና 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት 40 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሲሆን፣ ነጂው በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝለት ካላደረገ፣ ይባስ ብሎም ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ ካደረገ፣ የዚህ ሙቀት አብዛኛው ክፍል የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚመጥ ፈሳሽ ነው፤ ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚጠበቅበት ሲሆን፣ እርጥበት ከመጠጠ በኋላ ግን ይህ ወሰን ወደ 155 ይወርዳል፤ ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሲወርድ መኪናዋ አትሰማም። ስለዚህ ነው በየትኛውም ዓለም ያለ አማተር ተወዳዳሪ ዘይቱን በየጊዜው የሚቀይረው፤ ስለዚህ ነው የውድድር ፈታሾች ፍሬኑን ሳያዩ መኪና ወደ ሜዳ የማያስገቡት። እዚህ ግን ለተለጣፊ፣ ለስፒከር፣ ለሚብለጨለጭ መብራት ገንዘብ አይታጣም፤ መካኒኩ የፍሬን ሸራው አልቋል ሲል ብቻ ኪሱ ይደርቃል፤ «ትንሽ ያስኬዳል» ይባላል። ማስኬዱንስ ያስኬዳል፤ የተጠየቀው ማቆሙ ነው። የራሱን ነፍስ በዚህ ሒሳብ የሚያስይዝ ሰው መብቱ ነው እንበል፤ ከኋላው የተቀመጡት እናት ከነልጃቸው፣ ከፊቱ አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬ ግን ይህን ውል መቼ ፈረሙ? ቱርቦ ሳይኖር ቱርቦ አለኝ ማለት ጉራ ነው፤ ፍሬን ሳይኖር ሰው ማሳፈር ግን ሌላ ስም ያለው ነገር ነው፤ ስሙንም ሁሉም ያውቀዋል።

ይህን ያህል ከተባለ በኋላ ግን ለፍርድ አለመቸኮል ይሻላል፤ ምክንያቱም ጎጃም ፍጥነትንና ጌጥን ለያይቶ የሚያውቅ ሀገር አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ የሚጋልቡት ፈረሶች ከኮርቻ እስከ ልጓም ባሸበረቀ ጌጥ ተውበው ነው ወደ ሜዳ የሚወጡት፤ ጌጡ ለፈረሱ አንድ ክንድ ፍጥነት እንኳ አይጨምርለትም፣ ክብደቱም በጀርባው ላይ ያለ ነው፤ ሆኖም ሚዛን ይዞ ቀርቦ ግላሱ ይውለቅ የሚል ደፋር እስካሁን አልተሰማም፤ ቢሰማም ከሜዳው በእግሩ መውጣቱ ያጠራጥራል። የፈረሱ ባለቤት ጌጡን የሚያደርገው ፈረሱን ስለሚወድ፣ ሰውም እንዲያይለት ስለሚሻ ነው። የቪትዟ ባለቤትም በብዙ ዕቁብና በብዙ ብድር ያገኛትን መኪና ከመውደድ በቀር ምን በደለ ቢባል፣ ከላይ የቀረበው የስበትና የግፊት ስሌት ሁሉ በቂ መልስ አይሆንም። ጌጡ በፍሬኑ ገንዘብ እስካልተገዛ ድረስ ለመኪናም ምሕረት ሊኖር ይገባል የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ሐተታው አጥብቆ አይቃወምም፤ ፈረሱ ግን ጎኑ ላይ «ንፋስ» ብሎ እንደማይጽፍ መዘንጋት የለበትም፤ ወይም ማንበብ ስለማይችል ይሆናል፤ ወይም ማንበብ የሚችለው ተመልካች ስለሚስቅበት።

ምናልባት ጉዳዩን በባጃጅ በኩል አይቶ መጀመር ይሻል ነበር። ባጃጅ እስካሁን ከተነሡት መኪናዎች ሁሉ የሚቀል ተሽከርካሪ ከመሆኑም በላይ፣ በየከተማው ያሉት አሽከርካሪዎች በተለጣፊ ጥበብ ከአውቶሞቢሎቹ ባለቤቶች ርቀው የሄዱ ናቸው። ከእነርሱ መካከል በኋላው «ፎር ዊል» ብሎ የለጠፈ ሲገኝ፣ አንባቢው አራቱም ጎማዎች በሞተር ይገፋሉ ማለት መሆኑን አስታውሶ ጎማዎቹን ለመቁጠር ይገደዳል፤ በስተፊት አንድ፣ በስተኋላ ሁለት። አራተኛው ምናልባት መጠባበቂያው ጎማ ይሆናል፤ እርሱም ሞተር የሚደርስበት በምን መንገድ እንደሆነ ራሱን የቻለ ጥናት የሚያስፈልገው ነው።