የአቶ ባዮቦል አጭር የሕይወት ታሪክ

ውድ ለቀስተኞች፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ የጨው ውሃ ገንዳ ባለቤቶች በሙሉ፤ የሟች የሕይወት ታሪክ ስለሚነበብ ፓምፑን ለጥቂት ደቂቃ ቀነስ አድርጉልን። ቆሻሻን በአረፋ የሚጠልፈው ስኪመር እዚያ ጥግ ቆሞ አረፋ እየደፈቀ ነው፤ እንባ መስሏችሁ እንዳትታለሉ። ሟችን ከሥራ ያስወጣቸው እሱ ነው።

የባሕር ዓሣ ገንዳን ውሃ የሚያጣሩት የፕላስቲክ ኳስ፣ አቶ ባዮቦል፣ ከአባታቸው ከአቶ ጠጠር ሥር ማጣሪያ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ አንጠባጣቢ ማጣሪያ ተወለዱ። አባታቸውን የምታስታውሱ አዛውንቶች እዚህ አላችሁ። ያኔ የባሕር ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ሰው ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሳህን ከገንዳው ወለል ላይ ያነጥፋል፣ በላዩ ጠጠር ይደለድላል፣ ውሃውን በአየር አረፋ ጉልበት በጠጠሩ መሐል ወደ ታች ይስበዋል። ያ ሳህን ናቸው አባታቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጠጠር ተሸክመው፣ ደረታቸው ላይ ቆሻሻ እየተከመረ ኖሩና ታፍነው አረፉ። የእናታቸው ወገን ባይነሳ ቤተሰቡ ደስ ይለው ነበር፤ የሕይወት ታሪክ ነውና ግን እንናገራለን። እናታቸው የፍሳሽ ማጣሪያ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እንግሊዛውያን የከተማቸውን ፍሳሽ በተከመረ ድንጋይ ላይ እያንጠባጠቡ፣ ድንጋዩን የሚያለብሰው የባክቴሪያ ሽፋን ቆሻሻውን እንዲበላ ማድረግ ጀመሩ። በሳሎን መስታወት ሥር ሆነው ያማሩ ዓሣዎችን ሲያገለግሉ የኖሩት ሟች፣ ዘራቸው ቢቆጠር ወደዚያ የድንጋይ ክምር ይደርሳል። የሚያፍር ካለ ይፈር፤ ሙያው ያው ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የገቡት ፋብሪካ ነው። ከዚያም ክብ፣ ጥርሳም፣ ውስጠ ክፍት፣ ክብደት የለሽ ሆነው ወጡ። ወደ ሥራ ዓለም የገቡት በታላቅ ወንድማቸው በአቶ ጥቅል እግር ተተክተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆርጅ ስሚት የተባሉ ጸሐፊ በአንድ የአሜሪካ የአኳሪየም መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፍ አወጡ፤ ሆላንዶች ኮራልና ሌላ የባሕር ፍጥረት በቤታቸው የሚያኖሩበትን ዘዴ ለአሜሪካውያን አሳዩ። ከገንዳው ጫፍ የሚፈስሰው ውሃ ቀዳዳ ባለው ሳህን ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በተጠቀለለ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከታች ይጠራቀምና በፓምፕ ይመለሳል። ያ ምንጣፍ አቶ ጥቅል ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ ሟችና በመቶ የሚቆጠሩ መንታዎቻቸው ቦታውን ያዙ። ከዚያ ወዲያ ገንዳ የሚገዛ ሁሉ እሳቸውን ከነካቢኔያቸው ይገዛ ነበር።

ስለ ሥራቸው ትንሽ ልቆይ። ሙት ወቃሾች በበዙበት ሰዓት መመስገን ይገባቸዋል።

ዓሣ አሞኒያን በዋናነት የሚያስወጣው በስንጥቡ ነው። የተረፈው ምግብና ኩሱም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። የባሕር ውሃ ፒኤች ወደ 8.2 ስለሚጠጋ፣ ከአሞኒያው መርዛማው መልክ የሚይዘው ድርሻ በወንዝ ውሃ ካለው ይበልጣል፤ ጥቂቱ ይገድላል። ሟች ይህን መርዝ ከፊት ተቀበሉ። ውሃው በስሱ ገላቸውን እየዳሰሰ ሲወርድ በመካከላቸው አየር ይነፍሳል፤ ኦክስጅን እንደ ልብ ነው። በጥርሳቸው ላይ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ሰፈረ፤ አንዱ አሞኒያውን ናይትራይት ያደርጋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ናይትሬት። ሁለተኛው ለብዙ ዘመን ናይትሮባክተር እየተባለ ሲመሰገን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ጥናት በወንዝ ውሃ አኳሪየም ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ናይትሮስፓይራ መሆኑ ታወቀ። ሥራውን አንዱ እየሠራ በፊርማው ሌላው መታወቁ በኛ መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሚደረግ ለሚመስላቸው፣ ይኸው ገንዳም ውስጥ አለ።

አዲስ ገንዳ እስኪበስል፣ ባክቴሪያው እስኪሰፍር ማለት ነው፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሟች አንዴ ከበሰሉ በኋላ ግን አሞኒያው በመለኪያ ላይ ዜሮ ነው፤ ናይትራይቱም ዜሮ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ የትም አይገኝም። ፈቃድ አይጠይቅ፣ ሽንት ቤት አይሄድ። ሽንት ቤቱ ራሱ ነውና።

ሕመማቸው የጀመረው ከዚሁ ከትጋታቸው ነው። ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር የሚያሰናብቱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ይፈልጋሉ። አቶ ባዮቦል ደግሞ ሁለመናቸው አየር ነው። ስለዚህ ናይትሬቱን ያመርታሉ፣ ለውሃው ያስረክባሉ፣ ያ ነው የሥራ ድርሻቸው። ውሃው ተሸክሞት ይዞራል። ኮራል ባለበት ክፍት ባሕር ናይትሬት በሊትር ግማሽ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም፤ በሟች ዘመን ገንዳዎች 40 ማለፉ ብርቅ አልነበረም። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ይህን ማዳበሪያ ሲያገኙ ይባዛሉ፤ ሐምራዊ ሆኖ የተገዛው ኮራል ቡናማ ይሆናል። ድንጋዩም አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል።

ሟች በሀገር ውስጥም በውጭም ሕክምና ተረድተዋል። ዋናው ሕክምና ውሃ መቀየር ነበር። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ገንዳው በየሳምንቱ በሊትር 10 ሚሊግራም ናይትሬት ያመርታል እንበል፤ ባለቤቱም ትጉህ ነው፣ በየሳምንቱ ከውሃው 20 በመቶውን በአዲስ የጨው ውሃ ይቀይራል። ናይትሬቱ 50 ይደርስና እዚያው ይረጋል። ውሃው ሲቀየር 40 ይሆናል፤ በሳምንቱ ተመልሶ 50 ነው። ባለቤቱ ወገቡ እስኪቆረጥ ባልዲ ቢሸከም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የተባለው ለዚህ ነው ብንል ማንም አይከራከረንም።

ሌላም ድብቅ ሕመም ነበረባቸው። አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይወጣል፤ 50 ሚሊግራም ናይትሬት በሊትር እስኪከማች ድረስ አሲድን ከሚመክተው የውሃው አልካሊኒቲ ወደ 2.3 የጀርመን ዲግሪ ይበላል። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከዚሁ አልካሊኒቲና ከካልሲየም ነው። ባለቤቱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ለመጠበቅ ዱቄት ሲጨምር፣ ከታች ካቢኔ ውስጥ ያሉት አዛውንት በጸጥታ ይቀንሱበታል። ናይትሬቱ ወደ ጋዝ ቢለወጥ ኖሮ የጠፋው ይመለስ ነበር።

ከሳሾቻቸው ከበርሊን መጡ። የዚያች ከተማ ኮራል አሳዳጊዎች ማጣሪያ ሣጥን አያስፈልግም ብለው ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይ በገንዳው ውስጥ ደረደሩ፣ ኃይለኛ ስኪመር ተከሉ፣ ፒተር ቪልከንስ የተባሉት ጸሐፊ ያስተማሩትን የኖራ ውሃ ጨመሩ። ከእነሱ አንዱ የሆኑት ዲትሪሽ ሽቱበር ያሳደጉት ቅርንጫፋም ኮራል እየተቆረጠ በብዙ አገር ገንዳዎች ተዳረሰ። የድንጋዩ ምሥጢር ቀላል ነው፤ ላዩ ኦክስጅን አለው፣ ውስጡ የለውም። ላዩ ላይ የተመረተው ናይትሬት እንደ ተመረተ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ በዚያው ጋዝ ይሆናል። ስኪመሩ ደግሞ ቆሻሻው ሳይበሰብስ በፊት በአረፋ ጠልፎ ወደ ጽዋው ያወጣዋል። (የዚያን ጽዋ ሽታ ያላወቀ ሰው ስለ ንጽሕና ባያስተምረን መልካም ነው።)

ይህን ሁሉ ግን በርሊን አልጀመረችውም። ሊ ቺን ኢንግ የተባሉ ኢንዶኔዥያዊ ሕያው ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ በቂ ነው ብለው በአሜሪካ መጽሔት የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ሟች ሥራ ከመጀመራቸው ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ መልሱ ታትሞ ነበር ማለት ነው። ማን ያነባል!

አሁን ሁላችሁም የምታውቁት ስድብ አለ። ሟችን «የናይትሬት ፋብሪካ» ይሏቸዋል። በአስከሬናቸው ፊት ሆኜ ይህን እቃወማለሁ። ናይትሮጅንን ባዮቦል አይፈጥርም። ናይትሮጅን ከምግብ ነው የሚመጣው፤ ምግቡን ደግሞ የሚበትነው ሰው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሲበሉ እዩአቸው» እያለ አንድ ጭብጥ የሚጨምረው ማነው? ከሟች በላይ ሆኖ ፍርፋሪ እንዲይዝ የተቀመጠውን ስፖንጅ ለወራት ሳያጥብ የተወው ማነው? ስፖንጁ ሲሞላ ጭቃው ወደ ኳሶቹ ወረደ፣ በጥርሳቸው መሐል ተጋገረ፣ እዚያው በሰበሰ፤ ከዚያም «ባዮቦል ያቆሽሻል» ተባለ። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ሥራውን አጋምሰው ያስረክባሉ። የቀረውን የሚቀበል ሠራተኛ ከጎናቸው ሳይቀጠር ቀርቶ ፍርዱ በእሳቸው ላይ ወደቀ።

ምስክር ቢፈለግ ዓሣዎቹ አሉ። ከቀይ ባሕር የመጣው፣ ሐምራዊ ገላ ቢጫ ጭራ ያለው፣ የጎረቤት ልጅ ልንለው የሚቃጣን ያ ዓሣ በሟች ዘመን አንድም ቀን ስሞታ አላሰማም። ዓሣ ናይትሬትን ብዙ ይችላል። ስሞታው የኮራሎቹ ነበር፤ ኮራል ደግሞ ከተፈጠረ ጀምሮ ስሞታ ያላሰማበት ነገር የለም።

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። አቶ ባዮቦልን በአንድ ቀን መቅበር አይቻልም ነበር። ባክቴሪያው ሁሉ በእሳቸው ገላ ላይ ስለሆነ፣ በአንዴ ከወጡ አሞኒያው ይነሣና ዓሣው አብሯቸው ይቀበራል። ስለዚህ በሳምንት አንድ እፍኝ ብቻ ተወሰደ፤ አሞኒያ ተለካ፤ ዜሮ ሲሆን ሌላ እፍኝ። የድንጋዩ ባክቴሪያ በዚህ መሐል ሥራውን እየተረከበ ሄደ። ቀብራቸው ወራት ፈጀ። ገዳዮቻቸው የመጨረሻው እፍኝ እስኪወጣ ድረስ በእሳቸው ትከሻ ይኖሩ እንደነበር በዚህ ለቅሶ ላይ ሳይነገር ቢታለፍ ነውር ነው።

ስለ ወራሾቻቸው አጭር እናገራለሁ፤ ብዙ ማለት ያስቀይማል። ዛሬ በየመደብሩ የሚሸጠው ቀዳዳው የማይቆጠር ነጭ የሸክላ ጡብ የልጅ ልጃቸው ነው። ስሙ ተቀይሯል፣ ዋጋው ጨምሯል፣ አያቱን በአደባባይ አያነሳም። ውሃውም በስኪመር፣ አልጌ በሚበቅልበት ጓዳ፣ ፎስፌት በሚስብ የብረት ዝገት ቅንጣት እየታጠበ ጠራ። እጅግ ጠራ። ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲነኩ ኮራሉ ገረጣ፤ አሸዋውን ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ ንፍጥ አለበሰው። መድኃኒቱ ምን ሆነ? ናይትሬት በጠርሙስ ገዝቶ በጠብታ መጨመር! ሟች ከካቢኔው ሥር በነጻ ሲሰጡት የኖሩትን። ልጆቻቸው ይህን ሰምተው አልሳቁም፤ ለቅሶ ቤት ነውና እኛም አንስቅም።

አቶ ባዮቦል ጨርሰው አልሞቱም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ኮራል በሌለበት፣ ዓሣ ብቻ በሚኖርበት ገንዳ ዛሬም ይሠራሉ፤ እዚያ ከእሳቸው የሚሻል ሠራተኛ ማግኘት ያስቸግራል። እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፦ ከኮራል ገንዳ መውጣታቸው ትክክል ነበር፤ የወጡበት ስድብ ግን ትክክል አልነበረም።

በመጨረሻ ከቤተሰቡ የተላለፈ ማስታወቂያ አለ። አበባ አይመጣም፤ ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል። ከካቢኔያችሁ ያወጣችኋቸውን ኳሶች አትጣሉ፤ የታመመ ወይም አዲስ የመጣ ዓሣ ለብቻው የሚቆይበት ትንሽ ገንዳ ሲያስፈልጋችሁ፣ ከሚሠራ ገንዳ የወጣ አንድ ሁለት እፍኝ ኳስ ሳምንታት መጠበቅን ያስቀራል። እንዲደርቁ አትተዉአቸው፤ ባክቴሪያው ይሞታል። በቧንቧ ውሃም አትጠቧቸው፤ ክሎሪኑ ይጨርሰዋል። ከገንዳው በቀዳችሁት የጨው ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። ስፖንጁን ያላጠበ ሰው ካለ ደግሞ ንፍሮው ሳይቀርብ ቤቱ ደርሶ ይመለስ።