ሰባት ለባዶ በዐቢይ ጾም

ባሕር ዳር ለቅሶ መድረስ ታውቅበታለች። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ወንበር ያቀርባል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ለማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ግን እድር አልተቋቋመለትም። ሊጠይቀው የሚመጣ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ችግሩ የሚመጣው ሁሉ እየሳቀ መምጣቱ ነው።

ትልቁን መርዶ የተረዳነው የካቲት 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ እሑድ፣ ጾሙ ዐቢይ ጾም፣ ሰንበቱ ምኩራብ። ጠዋት የተነበበው ወንጌል ጌታ የገመድ ጅራፍ አበጅቶ ነጋዴዎቹን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት ነው። ማታ በ1 ሰዓት ተኩል በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ጅራፉ ለእኛ እንደሚደርሰን የጠረጠረ ግን አልነበረም። እንዴትስ እንጠርጥር? ከሳምንት በፊት ኒውካስልን 2 ለ 0 ረትተን የካራባኦ ዋንጫ በልተናል (ዋንጫ አያስገድፍም)። ሳምንቱን ሙሉ ስለ አሰልጣኛችን "ቴን ሃግ ሰው ነው!" ስንል ሰንብተናል። ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ማልያችንን ለብሰን የፊቱን አግዳሚ ይዘናል። ሊቨርፑሎቹ በሩ አጠገብ ተኮልኩለዋል፤ ሲሸነፉ ሹልክ ለማለት እንዲመቻቸው መስሎኝ ነበር።

እስከ 43ኛው ደቂቃ ጨዋታው ጨዋታ ነበር። ጋክፖ አገባ። በእረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጣን "አንድ ጎል ምን አላት፣ ሁለተኛው አጋማሽ የእኛ ነው" ተባባልን፤ ለዚህ ንግግር ማስረጃ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የሻዩ ብርጭቆ ሳይሰበሰብ ኑኝዝ በ47ኛው፣ ጋክፖ ደግሞ በ50ኛው ደቂቃ ደገሙን። ሦስት ላይ ደጋፊ ይቆጣል፦ እጁን እያወናጨፈ የሚነጫነጨው ብሩኖ ተሰደበ፣ ተከላካዮቹ ተሰደቡ፣ ዳኛውም ምንም ሳያደርግ የድርሻውን ወሰደ። ሳላህ አራተኛዋን ሲያስቆጥር ስድቡ ወደ ትንተና ተለወጠ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ከግሌዘር ቤተሰብ ጀመረ፤ ክለቡን በ1997 ዓ.ም. በብድር ገዝተው ዕዳውን በራሱ በክለቡ ጫንቃ ላይ እንዴት እንደጫኑት ጥሩ አድርጎ አስረዳን። እያስረዳን ሳለ ኑኝዝ አምስተኛዋን ጨመረ። ሳላህ ስድስተኛዋን ሲያገባ ማንም ቃል አልተነፈሰም። በ88ኛው ደቂቃ ተቀይሮ የገባው ፊርሚኖ ሰባተኛዋን ሲያስቆጥር ግን ያልጠበቅነው ነገር ሆነ፦ እኛው ሳቅን። ተንታኙ ብቻ አልሳቀም። "እንዲህ የተሸነፍነው ለመጨረሻ ጊዜ በ1924 ዓ.ም. ነው፣ በዎልቭስ" አለ፤ ጃንሆይ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በሰጡ በመንፈቁ መሆኑ ነው።

ዓሣ በዐቢይ ጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር በጣና ዳር አልቆ አያውቅም። በአምባዛ ጉዳይ ወንድማማች ይኳረፋል። በዚያ ምሽት ግን ዓሣ የሚበላውም የማይበላውም ስለ ተከላካይ መስመራችን አንድ ቃል ሆነ።

እንግሊዝ አገር ሽንፈቱ በ90 ደቂቃ አለቀ። እዚህ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። በሌላው ቀን ሰላምታ እንኳ የሚቆጥበው የሊቨርፑሉ ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "እንዴት አደርክ? ደህና አደርክ? ልጆች ደህና? እንቅልፍ እንዴት ነው? ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ሥራ ደህና? በረኛችሁስ?" ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ነው የገባኝ። በዚህ መች በቃው! "የቤተ ክርስቲያናችን አጽዋማት ስንት ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ሰባት" አልኩት ሳላስበው። ለእያንዳንዷ ጎል አንድ አንድ ጾም አደላት፤ የመጀመሪያዋን ነነዌ፣ በመጨረሻ የመጣችውን የፊርሚኖን ፍልሰታ አላት። አምልጬ መንገድ ዳር ስደርስ አንድ ባለባጃጅ "ሰባታሚት! ሰባታሚት!" እያለ ይጣራል። ሰባታሚት እኛ ከመሸነፋችን በፊትም የነበረ ሰፈር ነው፣ አውቃለሁ። ባለባጃጁ ግን ቦርሳዬ ላይ ያለውን አርማ አየና "ወንድሜ፣ ተከላካዮቻችሁን ላድርስልህ?" አለኝ። ማረሚያ ቤቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

"ለፈረንጅ ክለብ ምን አንገበገባችሁ፣ የራሳችሁ ቡድን እያለ?" የሚሉን ሰዎች አሉ። የራሳችን ቡድንም ሰባት ያውቃል። መጋቢት 16 ቀን 2008 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ ብሊዳ ላይ በአልጄሪያ 7 ለ 1 ተሸንፈዋል፤ የሚገርመው፣ ያም ዐቢይ ጾም ነበር። በማግስቱ ግን ሰላምታ ያበዛብኝ የለም። አገር በሙሉ ሐዘንተኛ ከሆነ ማን በማን ይስቃል? ከአራት ቀን በኋላ ያንኑ አልጄሪያን አዲስ አበባ ላይ 3 ለ 3 ስንለያየው ዋንጫ የወሰድን ያህል ጨፈርን። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር ስታዲየም ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ሲረታንም ከተማው አብሮ አኮረፈ። ከዚያ ካፍ ስታዲየማችሁ ደረጃውን አያሟላም ብሎ ከለከለን። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍነው "በሜዳችን" ነው፤ ሜዳችን ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ደስታችንም ተሰደደ።

የጣና ሞገዶቹም አሉ። ባሕር ዳር ከነማ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ የቱኒዚያውን ክለብ አፍሪካን 2 ለ 0 አሸንፎ ሄደ፤ ቱኒዚያ ላይ 3 ለ 0 ተሸነፈና በአንዲት ጎል ልዩነት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ አንዲት ጎል ከአንፊልዶቹ ሰባት በላይ ታመኛለች። ግን ማን ሳቀብን? ሊስቅ የሚችለው የአፄዎቹ፣ የፋሲል ከነማ፣ ደጋፊ ያለው ጎንደር ነው፤ ጎንደር ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ሳቁ ፎገራ ላይ ይቀራል።

ደጋፊን የሚያቃጥለው የጎሉ ብዛት አይደለም፤ የሚስቀው ሰው ቅርበት ነው። ማንቸስተር ባሕር ማዶ ነው፤ የሊቨርፑሉ ደጋፊ አጥር ግን ከአጥሬ ጋር የተያያዘ ነው።

ከሰባቱ ጎል በኋላ ነገሩ ባሰ። በ2017 ዓ.ም. በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን ማንቸስተር ዩናይትድ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዋንጫውን ሊቨርፑል አነሳ። ጎረቤቴ ያን ጊዜ ሰላምታ ማብዛቱን ትቶ "አይዞህ" ይለኝ ጀመር፤ ያውም ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረገ። ከሳቁ ሁሉ ይልቅ አጥንቴን የሰበረው ይህ "አይዞህ" ነው።

ቢሆንም መዝገብ መዝገብ ነው። ሰባት ባገቡብን በዚያ ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድ 3ኛ ሆኖ ቻምፒየንስ ሊግ ገብቷል፤ ሊቨርፑል 5ኛ ሆኖ ከውጭ ቀርቷል። የሊቨርፑል ደጋፊ ጎረቤት ያላችሁ እባካችሁ ይህን ንገሩልኝ፤ የእኔው እንደሆነ ገና "ሦስተኛ" ስል ሰላምታውን ይጀምራል።