ሞያ ያለው በሞያሌ

«ውጭ አገር በአውቶቡስ? ውጭ አገር የሚኬደው በቦሌ ነው!» አለን አንዱ። ሰማችሁት? ድገምልን እስቲ ጌታው፣ ከኋላ የቆሙት አልሰሙህም። «ቦሌ ወይ ባሌ» ሲባል ሰምቶ አገሪቱ ከሁለት በላይ መውጫ የሌላት መሰለው። ወንድሜ፣ በደቡብ በኩል ወደ ኬንያ የሚያስወጣ ሞያሌ የሚባል በር አለ። ሞያ ያለው በሞያሌ ይወጣል። ሞያ የሌለው ቦሌ ሰው ሸኝቶ ይመለሳል።

አንተን የጎዳህ ክንፍ ነው። ካልበረርኩ ብለህ ክንፍ አልክ! ለዱባይ ብረር፣ ባሕር አለ። ለዋሽንግተን ብረር፣ ውቅያኖስ አለ። ኬንያ ግን ጎረቤት ናት። የጎረቤት ቤት ደግሞ በጣሪያ አይገባም፤ በጣሪያ የሚገባ ሌባ ነው። በበሩ ና! አንኳኳ! ደጃፍ ላይ ያለው ሰው ማን ነህ ይበልህ፣ ማህተሙን ያሳርፍልህ፣ ከዚያ ግባ።

«በአውሮፕላን እኮ ሁለት ሰዓት ነው፤ ጊዜዬ ውድ ነው።» ውድ? አንድ ማኪያቶ ይዘህ ከምሳ እስከ እራት የምትቀመጥበት ጊዜ የማን ነው? ተበድረኸው ነው? ውድ ጊዜ በማኪያቶ ዋጋ አይቸረቸርም። አስተናጋጇ እንኳን ጠረጴዛውን ስትወለውል አንተን አብራ መወልወል ጀምራለች።

በል ተነስ። መነሻው ቃሊቲ ነው። ምን አስደነገጠህ? መናኸሪያው ነው ያልኩህ! ቃሊቲ ሲባል የሚደነግጥ ሰው አንድ ነገር አለበት፤ እናንተ የቆማችሁ ልብ በሉት። ባሱ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። እስከ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሀዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ እያለ ይወርዳል። አንተ ከዚህ መስመር የምታውቀው ሀዋሳን ነው። እሱንም ዓሳውን። ዓሳው ግን አያውቅህም።

ዲላ አካባቢ መስኮቱን ክፈት። የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱን፣ ቡናውንና ጥላ ዛፉን በአንድ ተዳፋት ላይ አብሮ አሳድሯል። ሦስቱ አልተጣሉም። ዩኔስኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። ለዩኔስኮ ከፓሪስ ታየው፤ ላንተ ከፒያሳ አልታይህ አለ!

ያቤሎ ስትደርስ ደግሞ ከዘመድህ ጋር አገናኝሃለሁ። ቁራ ነው። አመድማ አካል፣ ጥቁር ክንፍ፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው። በዓለም ላይ ያለው በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ካለበት ክልል ንቅንቅ አይልም። የኖኅ ቁራ ሄዶ ቀረ፤ የያቤሎ ቁራ ሳይሄድ ቀረ። አንተም ሳትሄድ ቀርተሃል። ልዩነታችሁ፣ ቁራው ስላላየው አገር አያወራም።

ቁራው አላናገረህም? ውረድና የቦረናን ቱላ እይ። ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ወንዶቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆሙና ውሃውን በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያወጣሉ። እየዘፈኑ! ከብቱ እየጠጣ፣ ዜማው እየወጣ። እነሱ ከምድር ሆድ ውሃ ሲያወጡ ይዘፍናሉ። አንተ ቧንቧ ከፍተህ ታለቅሳለህ። ይህን የመሰለ ነገር ደግሞ ከ30 ሺህ ጫማ ከፍታ አይታይም፣ አይሰማም። ከዚያ የሚታየው ክንፉና የፊተኛው ሰውዬ ራሰ በራ ነው።

«መንገዱስ ሰላም ነው?» እሰይ! ዛሬ አንድ ቁም ነገር ተናገርክ። በዚህ አልቀልድብህም። ደቡቡ መንገድ ላይ ችግር የተፈጠረባቸው ጊዜያት ነበሩ። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት መናኸሪያ ሄደህ ሾፌሮቹን ጠይቅ። ዛሬ አይኬድም ካሉህ አትሂድ። ከሞያሌ ወዲህ በሌሊት የሚነዳ መኪና አትሳፈር። ሾፌር መንገዱን ያውቃል፤ አንተ የምታውቀው ወሬውን ነው።

«በባስ ድንበር የሚሻገር ስደተኛ ነው» የምትለዋን ግን አልምርህም። በዚያ መስመር ደላላ በጨለማ በጫካ የሚያሻግራቸው ወንድሞች አሉን። እነሱ ላይ አፍህን ያዝ፤ መከራ እንጂ መሳቂያ አይደሉም። እኔ የማወራው ስለ በሩ ነው። በበሩ ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ይገርምሃል! ለአንድ ቪዛ ስንት ወር የምትሰለፈው ሰውዬ፣ ቪዛ የማይጠይቅህን አገር ናቅከው። የሚያባርርህን ታባርራለህ፣ ና የሚልህን ትሸሻለህ።

ቪዛ የለም ማለት ግን ዋዛ ነው ማለት አይደለም። ፓስፖርት ያዝ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዝ። ኳስ ሜዳ ላይ ቢጫ ያየ ይፈራል፤ ሞያሌ ላይ ቢጫ የሌለው ይፈራል። በ2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት የጋራ ኬላ አለ። የሁለቱ አገር ሠራተኞች አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠዋል። የመውጫህንም የመግቢያህንም ማህተም እዚያው ትጨርሳለህ። ሁለት መንግሥት አንድ ጣሪያ ሥር ተስማምቶ ይሠራል! አንተ ከወንድምህ ጋር በአንድ ሪሞት አልተስማማህም።

ድንበሩን ስታልፍ መኪናው ሁሉ ጎን ይቀይራል። እኛ በቀኝ እንነዳለን፣ እነሱ በግራ። ለሌላው ተሳፋሪ መንገድ ስታቋርጥ መጀመሪያ ወደ ቀኝህ እይ ብሎ ማስረዳት ግድ ነው። አንተ ግን ሳትሄድም ግራ ስለገባህ ወዲያው ትለምደዋለህ።

«ቋንቋ አልችልም።» የትኛውን? ሞያሌ ማለት ለሁለት የተከፈለ አንድ ከተማ ነው። ወዲህ ቦረና፣ ወዲያ ቦረና። ወዲህ ገሪ፣ ወዲያ ገሪ። ቡርጂውም ተሻግሮ ማርሳቢት ላይ ሱቅ ከፍቶ ይነግዳል። አፋን ኦሮሞ በሁለቱም ወገን ይገበያዩበታል። ሰዓት እንኳን ያገናኛችኋል! ስዋሂሊ ተናጋሪው እንዳንተው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። እኩለ ቀንን ስድስት ሰዓት ይልሃል፤ ትኬቱ ላይ ብቻ በፈረንጅ ይጽፈዋል። እና ከዓለም ሁሉ ሰዓቱ የገጠመልህን ጎረቤት ነው ገጥመኸው የማታውቀው?

ገንዘቡም አያስፈራህ። ሽልንግ ሲሉህ ግን ሃምሳ ሳንቲም መስሎህ እጅህን ኪስህ ውስጥ አትቅበር። ኬንያ ኤም-ፔሳን የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። እኛ ጋ የደረሰው በ2015 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! ያኔ በባስ ሄደህ አይተኸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አዲስ ነገር መጣ ብለህ ጎረቤት አታስነሳም ነበር። ኤሌክትሪካችንም ቀድሞሃል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሽቦ ተጉዞ ኬንያ፣ ሱስዋ ገብቷል። በየጊዜው ጠፋ እያልክ የምታማው መብራት እንኳን ድንበር ተሻገረ። አንተ ነህ የጠፋኸው።

«ከሞያሌ ወዲያ ያለው መንገድ አጥንት ይሰብራል ይባላል።» የሚባለው ድሮ ነው፤ ወሬህን አድስ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ነበር። ሰው ከብት በጫነ መኪና አናት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚሄደው። ዛሬ አስፋልት ነው። መሐሉ ላይ ዲዳ ጋልጋሉ የሚባል ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት በረሃ አለ። እስከ አድማስ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። እዚያ ስትደርስ ዲዳ ትሆናለህ። ተሳፋሪው ያርፋል። ከበረሃው ማዶ ማርሳቢት ድንገት ይነሳል፤ በደረቅ ምድር መሐል በደንና በጉም የተሸፈነ ተራራ። እኔ ከዚህ መስመር ሁሉ አንድ ቦታ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ፖሊስ በየኬላው ወረቀት ይጠይቅሃል፤ አሳየውና እለፍ። ወረቀቱ የተሟላ ሰው ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ወገቤ አይችልም!» አለን አሁን ደግሞ። መጨረሻ ላይ ያስቀመጣት ጥይት ይህች ናት፣ ፍረዱ። ከኢሲዮሎ አልፎ፣ 5,199 ሜትር ከፍታ ባለው የኬንያ ተራራ ሥር፣ ናንዩኪ አጠገብ ባሱ የምድር ወገብን ያቋርጣል። የምድርን ወገብ ለማየት ያንተ ወገብ ትንሽ ይክፈላ! እሷ ስንት ዘመን ስትዞር ወገቤን አላለች፤ አንተ ተቀምጠህ ነው የምትሄደው።

ናይሮቢ ከሞያሌ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙዎቹ ባሶች ከሰዓት በኋላ ተነስተው ሌሊቱን ሲነዱ ያድሩና ጠዋት ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ የሚባል ሰፈር ያወርዱሃል። ኢስሊ ላይ እንጀራም፣ ቡናም፣ አማርኛም ታገኛለህ። ስለዚህ ምን እበላለሁ የምትለዋን ጥያቄ ሳትጀምራት ተዋት።

አሁን ሰበብ አለቀብህ። ናይሮቢ ሩቅ ነው ካልክ ማርሳቢት ይበቃሃል፤ ከሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሞያሌ ከመሸ ከደረስክ አልጋ ያዝና እደር። ጠዋት ማህተምህን አስመታ፣ ማዶ ካለው መናኸሪያ ተሳፈር፣ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ነህ።