ጣና ምን አደረገህ?

«ጋሼ፣ በሩ ከውጭ ነው የሚከፈተው!»

ወደ ዓባይ ማዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ልወርድ እጀታውን ስስብ ረዳቱ የነገረኝ ነው። ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ከውጭ ሊከፍትልኝ ሲል እጁን ያዝሁት።

«ከውስጥስ?»

«ከውስጥ ነክሷል። ካንድ ዓመት በላይ ሆነው።»

«አንተ የወደቅህ ዕለት እኛን ማን ያወጣናል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ክፉ አይናገሩ!»

«ክፉውን የተናገረው በሩ ነው፤ እኔ ተረጎምሁት።»

«ምላስዎ ይፈጥናል።»

«የበርህ ምላስ እንዲህ በፈጠነ!»

ሹፌሩ ከፊት ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ ገባበት። «ጥፋቱ የልጁ አይደለም ጋሼ። ሐይቁ ነው። ጣና ዳር ያደረ ብረት ይዝጋል።»

ጣና ምን አደረገህ ወንድሜ? ከተማዋ ባሕር ዳር ስለተባለች ባሕሩ ጨው አለው ማለት አይደለም። ብረትን ቶሎ የሚበላው የምጽዋና የጅቡቲ ዳርቻ አየር ነው። ጨው እርጥበቱን ይዞ ያቆያል፣ ዝገቱንም ያፋጥነዋል። ጣና ግን ዓባይ የሚወጣበት፣ ከብት የሚጠጣው ጨው አልባ ውሃ ነው። ሐይቁን በሐሰት አትክሰሰው።

እውነተኛው ጥፋተኛ በበጋ አቧራ ሆኖ በቁልፉ ቀዳዳና በበሩ ምላስ ዙሪያ ይገባል። ሰኔ ሲብት ዝናቡ ይከተለዋል። ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ደግሞ ምርጊት ይሆናል። እናቶቻችን ግድግዳ የሚመርጉት አፈርና ውሃ አቡክተው አይደለም? ያንኑ ምርጊት አንተ በበርህ ሆድ ውስጥ ትሠራዋለህ። የወይጦ ታንኳ ሠሪ እንኳ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ እንዳይበሰብስ ታንኳውን ከሐይቁ አውጥቶ ያደርቃል። እሱ ለሣር የሚያስበውን ያህል አንተ ለብረት አስብ።

በቁልፉ ሲሊንደር ውስጥ ስስ የናስ ቅጠሎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዷን ቅጠል እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ ትገፋታለች። የቁልፍህ ጥርስ ሲገባ ቅጠሎቹን ሁሉ እኩል ያሰልፋቸዋል፣ ሲሊንደሩም ይዞራል። አንዲቱ ቅጠል ብቻ ጭቃ ይዟት ከሰልፍ ብትቀር አይዞርም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጭቃ የዋጠ ቁልፍም ከነሱ አይሻልም። ያን ጊዜ በጉልበት ያዞረ ሰው ቁልፉን ከሁለት ይሰብረዋል፤ ግማሹ እጁ ላይ፣ ግማሹ በሩ ውስጥ። በፒንሳ ይዞ የሚያዞርማ ሰባሪ ነው፤ ከፋች አትበሉት።

«ዘይት አጠጥቼዋለሁ እኮ!» አለኝ ሹፌሩ።

«የምን ዘይት?»

«ከሞተር የወጣ፣ የተቃጠለ።»

ሞተርህ የተፋውን ለቁልፍህ ታጎርሳለህ? የተቃጠለ ዘይት ጥላሸትና የብረት ብናኝ የጠገበ ነው፤ አቧራ ሲጨመርበት ለጥፍ ይሆናል። የባሰም አይቻለሁ፤ ከጓዳ የኑግ ዘይት አምጥተው የሚያንቆረቁሩ አሉ። የኑግ ዘይት የጎጃም ኩራት ነው፤ ቦታው ግን ድስት ውስጥ ነው። አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየደረቀ እንደ ቫርኒሽ ይለጠፋል። ዛሬ ያለሰለሰልህን በር ከወራት በኋላ ይለጉምልሃል።

«እሺ፣ ደብሊው ዲ ፎርቲ ነፍቼበት ነበር።»

ይሄ ደህና ጅማሬ ነው፤ አልጨረስኸውም እንጂ። አሜሪካኖች በ1953 እ.ኤ.አ. የሮኬት ገላ እንዳይዝግ ብለው የቀመሙት ነው። ስሙም ውሃ ማባረሪያ ማለት ነው፤ ቁጥሩ በ40ኛው ሙከራ መሳካቱን ይነግርሃል። ውሃውን ያባርራል፣ የደረቀውን ጭቃና ዝገት ያላቅቃል፣ ከዚያ አብዛኛው ይተናል። ስለዚህ አጣቢ አድርገህ ያዘው። ቀዳዳው ውስጥ ንፋው፣ ሩብ ሰዓት ታገሰው፤ ከዚያ ቁልፉን ሳታዞር አስገባና አውጣ፣ አስገባና አውጣ። በወጣ ቁጥር በጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ላይ ጥቁሩ እየቀነሰ ሲመጣ በሁለት ጣት ብቻ ለማዞር ሞክር። እምቢ ካለ ድገመው። ሦስተኛ ጣት አትጨምር።

ቁልፉ ከደረቀ በኋላ ማለስለሻ ስጠው። ለቁልፍ ቀዳዳ የሚስማማው አቧራ የማይዝ ደረቅ ማለስለሻ ነው፤ ከልጅህ ደብተር ላይ ታገኘዋለህ። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው። ለስላሳ እርሳስ ወስደህ የቁልፉን ጥርስ በሁለቱም ወገን አጥቁረው፣ አስገብተህ አመላልሰው። ግራፋይትና ዘይት ግን አታጋባ፤ ልጃቸው ለጥፍ ነው። በበሩ ጠርዝ ላይ ያለው ምላስና ማጠፊያው ሌላ ነገር ናቸው፤ እነሱ ግራሶ ይወዳሉ። የሚንሸራተተውን በር ሐዲድ መጀመሪያ በብሩሽ ጥረገው፣ ከዚያ ኩሽኔታውን ጥቂት ግራሶ ቀባው።

«ገንዘብ የለኝም» የሚለኝ አለ። የእርሳስ ዋጋ ከአንድ ተሳፋሪ ሂሳብ ብዙም አይርቅም። «ጊዜ የለኝም» የሚለውን ደግሞ ተራ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።

«እኔ በሪሞት ነው የምከፍት፤ ቁልፍ አልነካም» የሚል የቤት መኪና ባለቤትም አለ። አለመንካትህ ነው ጥፋቱ! ለዓመታት ያልዞረ ሲሊንደር ባለበት ይደርቃል። የመኪናህ ባትሪ የሞተ ሌሊት ሪሞቱ ዝም ይልሃል፤ ቁልፉም አላውቅህም ይልሃል። በወር አንዴ በእጅህ ክፈተው። «የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ» ብለህም አታመልጠኝም። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፤ የብዙዎቹን ሪሞት ፈልቅቀህ ብታይ ግን ሆዱ ውስጥ የብረት ቁልፍ አለ። ሠሪው ራሱ ባትሪን አላመነም።

መኪናውን ጣና ዳር አውርዶ የሚያጥበው ደግሞ «ንጹሕ ነው የማደርገው» ይለኛል። ማንን? ዘይትና ግራሶህን የምታራግፍበት ሐይቅ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ነው። እምቦጩ አንሶት የአንተ ግራሶ ይጨመርበት? ላቫጆ ሄደህም ቢሆን የውሃውን ግፊት ቀዳዳው ላይ አታስደግን፤ ጭቃውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። በሩ ሥር ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በስንጥር ጥረጋቸው። በመስታወቱ ላስቲክ ሾልኮ የገባ ዝናብ የሚወጣው በነሱ ነው፤ ከተደፈኑ በርህ እንስራ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ሚኒባሷ ልመለስ፤ መውረዴን ትቼ አብሬያቸው ሄድሁ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ደርሰን ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ሹፌሩን አስቆምሁት። በብዙ መኪኖች በሩ ጠርዝ ላይ የሕፃናት መቆለፊያ የምትባል ትንሽ ማንሻ አለች፤ እሷ ከተቆለፈች በሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከውስጥ አይከፈትም። መጀመሪያ እሷን አየን፤ ክፍት ነበረች። ቀጥሎ እጀታውን ሳብሁት። ላልቶ ቢንከረፈፍ ኖሮ ውስጥ ያለው ዘንግ ወልቋል፣ ወይም ላስቲክ መያዣው ተሰብሯል ማለት ነው፤ ያን ዘይት አያድነውም፣ ሽፋኑን መፍታት ይጠይቃል። ይሄኛው ግን ጠጥሮ ነበር። ረዳቱ ካቻቢቴ አመጣና የምላሱን ዙሪያ ፋቀ። የወጣው አፈር እፍኝ ይሞላል። ነፋን፣ ጠበቅን፣ ፋቅን፣ እንደገና ነፋን።

ረዳቱ ከውስጥ ሆኖ ሳበው። በሩ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ለካ በሩ ደህና ነው!»

«በሩ ሁሌም ደህና ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አፉን ዘግተህበት ነው።»

ያችን መኪና ባሰብሁ ቁጥር 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ እሳት ቢነሳባት ወይም ብትገለበጥ እላለሁ። ውስጥ የነበርነው እናት ከነልጇ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ምርኩዝ የያዙ አባት፣ ሌሎችም ነን። መውጫችን የአንድ ልጅ ክንድ ነበረች።

ሹፌር ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ መኪናህን ስታቆም ውስጥ ተቀመጥና በሮችህን አንድ በአንድ በውስጥ እጀታቸው ክፈታቸው። አንዱ እምቢ ካለህ፣ እሱ እስኪሠራ ድረስ ነገ ሰው አትጫን።