የተሰበሩ የጎማ ብሎኖችን ለመተካት የወጣ የፌዝ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 4 ሲቀነስ 1

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ በአንዲት ቪትዝ የኋላ ጎማ ላይ የቀረነው ሦስት ብሎኖች፤

አራተኛው ወንድማችን ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ተሰብሮ ከነዳዶው የወደቀ በመሆኑ፤

እያንዳንዳችን የምንሸከመው ሩብ ወደ ሲሶ ከፍ ሲል፣ ባለንብረቱ ግን "ሦስቱ ይበቃሉ" ብሎ ጉዳዩን የዘጋ በመሆኑ፤

በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በዓባይ ወንዝ 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ ተመርቆ የመኪናው ፍጥነት ሲጨምር የእኛ ቁጥር የቀነሰ በመሆኑ፤

በ1950ዎቹ ፖሊ ቴክኒክ ተከፍቶ ባለሙያ ሲያፈራ በኖረበት በዚሁ ከተማ "እግዜር ያውቃል" የጥገና ዘዴ ሆኖ መቀጠሉ የሚያሳፍር በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ "የይበቃል ማብቂያ አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) "ብሎን" ማለት ከሞዞው ጀርባ ገብቶ ቸርኬውን በዳዶ አስሮ የሚይዝ፣ እስኪሰበር ድረስ ስሙ የማይነሳ ብረት ነው፤

ለ) "አይቼዋለሁ" ማለት ጎማውን በጫማ ጫፍ አንዴ መምታት ነው፤

ሐ) "ታደርሰናለች" ማለት የት እንደምታደርስ ሳይገለጽ በሹፌር የሚሰጥ ዋስትና ነው።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ከዘጌ አቧራ እስከ ጎንደር አስፋልት በሚመላለስ ባለ ጎማ ሁሉ ላይ ይጸናል። ታንኳን ግን አይመለከትም፤ ደንገል የሚታሰረው በገመድ ነውና።

4. የተከለከሉ ድርጊቶች

1) መፍቻ ላይ ቱቦ ቀጥሎ ዳዶ ማጥበቅ ክልክል ነው። የትንንሾቹ የቶዮታ መኪኖች ዳዶ የሚፈልገው 103 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም በግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ 21 ኪሎ ግድም መጫን ማለት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ በአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሲቆም ከታዘዘው ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ያን ቀን ብሎኑ አይሰበር ይሆናል፤ ከተሳበ በኋላ ግን ወደ ቀድሞ ቁመናው አይመለስም፤ ቀን ቆጥሮ ይበጠሳል።

2) ዳዶን በእጅ ሳያስጀምሩ በአየር መፍቻ ማስሮጥ ክልክል ነው። ጠማማ የገባ ዳዶ ጥርስ ይበላል።

3) የተሰበረን ብሎን መበየድ፣ ከቤት መሥሪያ ፌሮ ቶርኖ ቤት አስቀርጾ መግጠምም ክልክል ነው። ፌሮ ለቤት ምሰሶ እንጂ ለዚህ አልተሠራም።

4) በብዙ የአይሱዙ የጭነት መኪኖች የግራ ጎማ ዳዶ የሚጠብቀው ወደ ግራ ዞሮ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚታገል ረዳት እየፈታሁ ነው ብሎ ሲያጠብቅ ብሎኑን ቢቆርጠው ግራ የገባው ብሎኑ አይደለም።

5) ዝገትን በጣና ማሳበብ ተቀባይነት የለውም። ጣና ጨው አልባ ሐይቅ ነው፤ በቅድሚያ የክረምቱ ጭቃ ይጠየቅ።

5. የአተካክ ሥርዓት

መኪናዋ ክሪክ ላይ ከመውጣቷ በፊት ለሌሎቹ ጎማዎች ታኮ ይደረጋል። ጎማውና ታምቡሩ ይወልቃሉ። ስባሪው ከፊት በመዶሻ ተመትቶ ወደ ኋላ ይወጣል፤ አዲሱ ከኋላ ይገባል። በአንገቱ ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ሸንተረሮች የቀድሞው ከተዋቸው ጎድጓዶች ጋር እስኪገጥሙ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ከዚያ ሮንዴላ ተደራርቦ ዳዶ በጠፍጣፋ ፊቱ ይታሰርበታል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን እየሳበ ጭንቅላቱን ከሞዞው ጀርባ ያስቀምጠዋል። እዚያ ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ብትቀር ሥራው አላለቀም፤ ክፍተቷ መንገድ ላይ ስትዘጋ ዳዶው ይላላል።

ጎማው ሲመለስ ዳዶዎቹ በመስቀል፣ ትይዩ ለትይዩ ይጠብቃሉ። በጭነት መኪና አንድ ብሎን ከተሰበረ ግራና ቀኙም አብረው ይለወጣሉ፤ የሟቹን ሸክም ይዘው የሰነበቱት እነሱ ናቸውና።

6. ቅጣት

"ሦስቱ ይበቃሉ" ያለ ማንኛውም ሰው ለአራት ሰው የሚከብድ ቁም ሳጥን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተሸክሞ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ይወጣል። መንገድ ላይ "አራተኛው የታለ?" ብሎ ከጠየቀ ቅጣቱ ይነሳለታል፤ ትምህርቱ ገብቶታል።

7. የተሻሩ ደንቦች

"እስካሁን ምን ሆነ?"፣ "ይይዛል"፣ "ከበዓል በኋላ እናሠራዋለን" የተባሉት ልማዳዊ ደንቦች በዚህ አዋጅ ተሽረዋል።

8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዲስ የታሰረ ጎማ ጥቂት አሥርት ኪሎ ሜትሮች ከሄደ በኋላ ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ሊላላ ስለሚችል ዳግም መጥበቅ አለበት። ስለዚህ ይህ አዋጅ የሚጸናው በጋዜጣ ታትሞ ሲወጣ ሳይሆን፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያቀና ሹፌር ወረታ ላይ ቆሞ፣ ወርዶ፣ መፍቻውን አንስቶ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ሲፈትሽ ነው። ሳይቆም ካለፈ አዋጁ እንደ ብዙዎቹ አዋጆች ይሆናል፦ ወጥቷል፣ ተነቧል፣ ላልቷል።